ራይት የተነፈገው መቶ አለቃ

ያሳሰረኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ሮቤ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ «ኖ ማተር» ማለት ነገሩ ኖረ አልኖረ ለውጥ አያመጣም ማለት ነው ብዬ ምሳሌ ጻፍኩ፤ በአማርኛው «ገዢው ማንም ይሁን ማን፣ የጎባ መንገድ ጭቃ ነው» እንደማለት። አንዱ ተማሪዬ ገልብጦ ለፖሊስ ሰጠው። በዕድሜዬ ያየሁት ስሕተት የሌለበት ደብተር ያ ብቻ ነበር። በዚያው ጭቃ ወደ ጎባ ሲወስዱኝ መኪናዋ ሁለቴ ተያዘች፤ ሁለቴም ወርጄ ገፋሁ።

በጎባ እስር ቤት ክፍል ውስጥ ከብርዱ የተነሳ ሳቅ እንኳ ግድግዳ ላይ ይረጋ ነበር። ሌቦቹ ጠዋት ጠዋት ግቢ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። «ፖለቲካ» የተባልነው ግን ተከልክለናል፦ እኔና ሽፍታ ደብቀዋል ተብለው ከአጋርፋ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ። የሳቸው እግር በብርዱ ማበጥ ጀምሯል።

የእስር ቤቱ ኃላፊ መቶ አለቃ ለማዕረግ የእንግሊዝኛ ፈተና ነበረበት። ቁልፍ ሲይዝ «አንተ» ይለኛል፤ ደብተር ሲይዝ «እርስዎ»።

አንድ ጠዋት ደብተርና ቀይ እርሳስ ይዞ መጣ። «መምህር፣ ያቺን ያሳሰረችዎትን ያስተምሩኝ። ፈተና ላይ አትቀርም አሉ።»

አስተማርኩት። በዚያ ብርድ አልቦት በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ በአማርኛው፦ «እስረኛው ማንም ይሁን ማን፣ ፀሐይ የሁሉም ነች።»

«በሉ ራይት ያድርጉልኝ።»

«ሰዋስውስ ልክ ነው።»

«ታዲያ?»

«ውሸት ነው። ለውሸት ራይት አላደርግም።»

«ኧረ መምህር! ፈታኙ ያለው አዲስ አበባ። ሽማግሌው ፀሐይ ሞቁ አልሞቁ እሱ በምን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» ብዬ እርሳሱን መለስኩለት።

ደብተሩን አስቀምጦ ቁልፉን አነሳ።

«አንተ!»

አለቀልኝ አልኩ።

«ሽማግሌውን ደግፈህ አውጣ።»

ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው እግራቸውን ፀሐይ ላይ ዘረጉ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ብለኸው ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ይቺን ለማወቅ እንግሊዝኛ አስፈለገው?»

ራይቱን አደረግሁለት፤ ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ወጣን፤ የእግራቸውም እብጠት ጎደለ።

ዛሬ የጎባ መንገድ ጠጠር ለብሷል። ያሳሰረኝ ዐረፍተ ነገር ውሸት ሆነ፤ ይቅር ብዬዋለሁ። ሮቤ ገበያ ጥግ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ግን፣ እጄ ሳላዝዘው ቀይ እርሳስ ፍለጋ ኪሴ ይገባል።