ለየቤቱ አንድ ወረፋ

ኮከቤ መኳንንት እንደ ሰው ተቀምጣ አትሠራም። ሞላሌ ባለው የበግ አርቢዎች ማኅበር ቢሮ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፤ ቁጭ ብድግ ስትል እኔን ጭምር ሥራ ታስፈታኛለች። የአየር ጠባይና የክትባት ማስጠንቀቂያ ወደ አርቢዎቹ ስልክ የሚልከውን ፕሮግራም የሠራችው እሷ ናት።

መጀመሪያ አንድ መልእክት ለሁሉም ትልክ ነበር። ማንም አልሰማትም። «ላገሩ የተባለ ለኔ ተባለ እንዴ?» አሏት ሽማግሌዎቹ፤ እኛ ዘንድ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ይናቃል። ስለዚህ ለየቤቱ የራሱን ወረፋ ከፈተች፤ መልእክቱ የባለቤቱ ስም ተጽፎበት እዚያ ቆይቶ ይወጣል። ሰዉ ወደደላት። አባቷ ጋሽ መኳንንትማ ስማቸውን ስልካቸው ላይ ባዩ ቁጥር ጎረቤት ጠርተው ያሳያሉ።

ከዚያ የጎረቤቶቻችን የዘመሮና የቀየት አርቢዎች ተጨመሩ፤ ኮምፒውተሩም ማቃሰት ጀመረ። መልእክት በዝቶበት አይደለም። አብዛኛው ወረፋ ባዶ ነው፤ ማሽኑ ግን ባዶውንም አንድ በአንድ እየዞረ ሲጠብቅ ጉልበቱን ይጨርሳል። «የአንድ መንደር ሰው ባንድ ወረፋ፣ ባንድ መልእክት ይጠቃለል» አልኳት።

«ስማቸው ይቀራላ!» አለችኝ። ሞኝነት መስሎኝ ተናደድኩባት።

በጎቹ ጠጉራቸው ተሸልቶ ራቁታቸውን በቀሩበት ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ እንደሚመጣ ተነገረን። የተሸለተ በግ ያንን ቁር አይችልም። ኮከቤ «በጎቹን አስገቡ» ብላ ላከች። መልእክቱ ግን ጠብ፣ ጠብ እያለ ነበር የሚወጣው። ሰማዩ ጠቆረ። እሷ ከኮምፒውተሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ኮምፒውተሩ ትላለች፤ እኔም ፈርቼ ጮህኩባት። በመጨረሻ ወረፋዎቹን በየመንደሩ አጠቃልላ እንደገና ላከችው። ባፍታ ለሁሉም ደረሰ።

«ለአባትሽ ደውዪላቸው እንጂ!» አልኳት።

«ደርሷቸዋል፤ ይኸው» ብላ ዝርዝሩ ላይ በስማቸው አንጻር የወጣውን «ደርሷል» የሚል ምልክት አሳየችኝ። ሳውቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯ ላይ ደገፍ ብላ ተቀመጠች።

በረዶው ወረደ። ማምሻውን ስልኩ አላቋርጥ አለ፤ ሁሉም በጎቹን አትርፏል፣ ሁሉም ይመርቃታል። ደስ ብሎኝ እኔም አብሬ አሜን እላለሁ። ቀጥሎ ጋሽ መኳንንት ደወሉ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«በጎቹስ አባባ?»

«አለቁ።»

ኮከቤ ብድግ አለች። «መልእክቱ አልደረስዎትም?»

«ላገሩ የላክሽውማ ደርሶኛል፤ ጎረቤቱ ሲያስገባም አይቻለሁ» አሉ። ቁጣ የለባቸውም፤ ያፈሩ ይመስላሉ። «እኔ ግን፣ ልጄ ናትና ለኔ ለብቻዬ ሳትልክልኝ አትቀርም ብዬ ጠበቅሁ።»