ባሕሩ ያለበት ሁለተኛው ካሴት

አጎቴ ከየመን ሲመለስ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በልጅነቱ ባሕር ኃይል ገብቶ የሬዲዮ ጥገና ተማረ። መንግሥት ሲወድቅ እሱ ያለበት መርከብ ከአሰብ ተነሥቶ የመን ገባ፤ እዚያ ወራት ቆይቶ በስንት መከራ ደሴ ደረሰ። የመጣ ቀን ምን እንደለበሰ አላውቅም። የማስታውሰው ጉሙን ነው። የክረምት ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢያችንን ሞልቶት ነበር፤ እናቴ ደጅ ቆማ ስታለቅስ ሰማሁ እንጂ ማንን እንዳቀፈች አላየሁም።

ጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጠነው። እናቴ ለብቻዬ ጠርታ፣ "ስለ ባሕሩም ስለ ጦርነቱም እንዳትጠይቂው፤ ሲፈልግ ራሱ ያወራል" አለችኝ። አላወራም። ፒያሳ ላይ ከአንድ ሻይ ቤት ጎን ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ተከራየና ሬዲዮ፣ ቴፕና ቴሌቪዥን መጠገን ጀመረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ እየገባሁ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች መሀል የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። እሱ ይበይዳል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ከዚያ ዘመን የቀረልኝ ሁሉ እንዲህ ግማሹ እንቅልፍ የመሰለ ነው።

አንድ ቀን የአሰብ መንገድ ሾፌር የተበላሸ ቲቪ ጌም ይዞ መጣ። ለልጆቹ የገዛው ነው፤ መንገድ ላይ ውሃ ገብቶበታል። "ከተሠራ ለራስህ አድርገው፤ እኔ ሌላ አመጣለሁ" ብሎ ትቶት ሄደ። አጎቴ ፈታው፣ አደረቀው፣ ሽቦውን ቀየረ። ሳምንት ሳይሞላ የሱቁ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ አንዲት እንቁራሪት ብቅ አለች።

ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰች እንቁራሪት ናት። ከሸለቆ ተነሥታ፣ ከእርከን እርከን እየዘለለች፣ ተራራው አናት ላይ ወዳለው ቤቷ ትወጣለች። ድንጋይ ይንከባለልባታል፣ አሞራ ያባርራታል፣ ድልድይ ከእግሯ ሥር ይናዳል። ሦስት ነፍስ አላት። የሚያጣድፋት ግን የለም። ዝም ካልናት ትቀመጣለች፤ ቆቧን ወደ ዓይኗ ስባ ታንቀላፋለች፤ ደመናው ከኋላዋ ቀስ ብሎ ያልፋል። አጎቴ ይህን ቦታ ይወድ ነበር። ከፍ ያለ እርከን ላይ ያደርሳትና ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያያታል።

"ለምን ቆምክ?" እለዋለሁ።

"ትረፍ እንጂ። ስንት አቀበት ወጣች።"

ጨርሰን ቤቷ ስናደርሳት በሩ ይከፈታል፤ ውስጥ እሳት ይነዳል፤ ካፖርቷን አውልቃ ትሰቅላለች። ሌላ ምንም የለም። ለእኔ ግን በቂ ነበር። ዓመት ሙሉ ያንኑ ተራራ ወጣን፤ አንዴም አልሰለቸኝም።

የእንቁራሪቷ ጌም ሁለተኛ ካሴት እንዳለው ያወቅኩት ኮምቦልቻ ነው። ከእናቴ ጋር ገበያ ወርደን፣ አንድ የዕቃ ሱቅ መስኮት ላይ ካሴቱን አየሁት። ሽፋኑ ላይ እንቁራሪቷ አለች፤ አጠገቧ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች ሌላ እንቁራሪት ቆማለች፤ ከኋላቸው ውሃ፣ እስከ ሰማይ ድረስ ውሃ። ያን ቀን ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን አቀበት ሲወጣ እናቴ ስለ ዕቃ ዋጋ ታወራለች፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በማላውቀው ውሃ ውስጥ እዘላለሁ።

ለአጎቴ ስነግረው መፍቻውን አስቀመጠ። "ባሕር ነው ወይስ ሐይቅ?"

"ዳር የለውም።"

"እንግዲያ ባሕር ነው" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ የጠገነውን ቴፕ በፌስታል ጠቅልሎ፣ "ተነሺ፣ ኮምቦልቻ እንሂድ" አለኝ። ደሴን በጉም ውስጥ ለቀቅን። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጉሙ ከላያችን ቀረ፤ ሜዳው ተገለጠ፤ ሹራቤን አወለቅኩ። የሱቁ ባለቤት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። ሰላምታ ተለዋውጠው ሲያበቁ አጎቴ ቴፑን ከፍቶ አሰማቸው።

"አባባ፣ ይህን ይውሰዱና ካሴቱን ይስጡን።"

ሽማግሌው ድምፁን ከፍ ዝቅ አድርገው አዳመጡ። "ወላሂ፣ አንተ ተጎዳህ። ቴፕ በካሴት?"

"እሷ ናት የፈለገችው" አለ ወደ እኔ እያየ። ሽማግሌው ሳቁ፤ ካሴቱ ላይ አንድ ባትሪ መብራት ጨመሩልን።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው፣ ያ ሁለተኛው ጌም በብዙ ነገር ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ሥዕሉ ያምራል፤ ቅጠሉ ይንቀሳቀሳል፤ ዝናቡ በቀኝም በግራም ይዘንባል። እንቁራሪቷ አሁን ካፖርቷን ዘርግታ ከገደል ትንሳፈፋለች። ከሁሉ በላይ ለሁለት ይጫወቱታል። ዓመት ሙሉ ተራ ስንጠባበቅ የነበርን ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እኔ ቢጫዋን እሱ አረንጓዴዋን ይዘን መዝለል ጀመርን።

ግን ሠሪዎቹ ሰዓት አስገቡበት። ከላይ ጥግ ላይ ቁጥር ይቀንሳል፤ ዜሮ ሲደርስ ትሞታለህ። ሥዕሉም ራሱ ወደፊት ይሄዳል፤ የቆመን ሰው ጠርዙ ይውጠዋል። አንዷ ወደኋላ ከቀረች ሁለቱም ይሞታሉ። መቀመጥ የለም፣ ማንቀላፋት የለም፣ ደመና ማየት የለም። ሙዚቃው እንኳ እንደ ተሳፋሪ ጠሪ ረዳት ይጣደፋል። ካፖርቷን የምትሰቅለዋን እንቁራሪት ሠርተው፣ እንዴት ይህን እንዳደረጉባት ሊገባኝ አልቻለም።

አጎቴ ደግሞ አይፈጥንም። በዝላዩ መሀል ይቆማል፤ ጠርዙ ይደርስበታል፤ እንሞታለን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ለስንተኛ ጊዜ ስንሞት ትዕግሥቴ አለቀ።

"ሁሌ ወደኋላ ትቀራለህ! አንተ ስትቀር እኔንም ትገድለኛለህ።"

ጆይስቲኩን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠ፣ ኮቱን ለበሰ፣ በዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ሄደ። ሱቁን ለእኔ ትቶ ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቀው ፒያሳ ላይ ጉሙ ውስጥ ሰዎች ብቅ ይሉና ይጠፋሉ፤ እያንዳንዱ እሱ ይመስለኛል። ሲመሽ እናቴ መጥታ ሱቁን ዘጋችው። እሱን ጓሮ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ አገኘነው።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ይጠግናል፣ ያናግረኛል፣ ሻይ ያዝዝልኛል። ጌሙን ግን አይነካም። እኔ በአፍረት ብቻዬን እጫወት ነበር። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል አራተኛው ደረጃ ላይ ደረስኩ። እንቁራሪቷ ከቋጥኝ ተወርውራ ወደቀች፤ ሥዕሉ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ።

ሙዚቃው ዝግ አለ። ወደ ላይ ተመለከትኩ፤ ቁጥሩ የለም። ጠርዙም አይመጣም። ሠሪዎቹ ረስተውት ይሁን አዝነውላት አላውቅም፣ ባሕሩ ውስጥ ሰዓት አላስገቡም። እንቁራሪቷን ተውኳት፤ ጀርባዋ ላይ ተንጋለለች፤ ከሥሯ ዓሣዎች በቡድን አለፉ።

"ጋሼ፣ ና እየው።"

ቀና አለ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ዓሣዎቹን በዓይኑ ተከተለ።

"ቀለሙ ትክክል አይደለም" አለ በመጨረሻ። "ጠዋት ጠዋት ባሕሩ እንዲህ ሰማያዊ አይደለም፤ እንደ ወተት ነው። ፀሐይ ስትወጣ ነው የሚጠራው።"

እናቴ ያለችኝን አስታወስኩ። እሱ ግን ቀጠለ። ከደሴ ብዙ የማትርቀው የቦሩ ሜዳ ልጅ የሆነ ጓደኛ እንደነበረው ነገረኝ። አብረው ተቀጥረው አብረው አንድ መርከብ ላይ ተመድበዋል። የመጨረሻው ቀን መርከቡ የሚጠጣ ውሃ ስላልነበረው ጓደኛው ጀሪካን ይዞ ወደቡ ላይ ወረደ። ተኩስ ቀረበ፤ ገመዱ ተፈታ፤ መርከቡ ተነሣ። አጎቴ ከላይ ሆኖ አየው፤ ጓደኛው ጀሪካኑን ይዞ ወደቡ ጫፍ ላይ ቆሟል።

"ጠራኸው?"

"ጠራሁት። መርከብ አይጠብቅም።" ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሣም። "እናቱ ቦሩ ሜዳ ናቸው። ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አልሄድኩም። ሞተ ልበላቸው? ሞቶ ሲወድቅ አላየሁም። አለ ልበላቸው? የት?"

ሁሌ ወደኋላ ትቀራለህ ያልኩት ትዝ ብሎኝ ወደ እሱ ዞርኩ። ፊቴን አይቶ፣ "አብሽሪ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም" አለኝ። ያን ዕለት ማታ ለእናቴ ራሱ ሲነግራት በግድግዳው በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሦስታችን ቦሩ ሜዳ በሚኒባስ ሄድን። እዚያ ካለው ሆስፒታል አልፈን፣ ጭቃ እየረገጥን፣ በገብስ ማሳ መሀል ወጣን። እናትየው አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብ ያሰሩ፣ ቀጭን ገበሬ ናቸው፤ ደጃቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። አጎቴ ማንነቱን ሲናገር ቢላዋቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

"መርዶ ይዘህ ነው የመጣኸው?"

"አይደለም፣ እማማ። መርዶም የምሥራችም አልያዝኩም። ያየሁትን ብቻ ልነግርዎት ነው። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ።"

"ግቡ" አሉ።

ውስጥ አስቀምጠውን ነገራቸው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር። እሳቸው አላለቀሱም። ሲያበቃ ጠየቁት።

"ጀሪካኑ ሞልቶ ነበር?"

አጎቴ ግራ ገባው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፤ እዚያ ሆኖ እንደሚያየው ሁሉ ቆየ። "ሞልቶ ነበር። በሁለት እጁ ነው የያዘው።"

"እንግዲያ ውሃ አልጠማውም" አሉ። ያኔ እንባቸው መጣ።

ልንሄድ ስንነሣ የአጎቴን እጅ ይዘው፣ "ሌላ ጊዜ ብቻህን ናና ከመጀመሪያው ንገረኝ። ቀለብ ሲበላ፣ ሲስቅ፣ ሁሉንም" አሉት። እሱም በየሳምንቱ እሑድ መሄድ ጀመረ። አጥራቸውን አጠረ፤ ሬዲዮ ወሰደላቸው፤ መስከረም ላይ ማሳቸውን አብሮ አረመ።

ጌሙን ከዚያ በኋላ ሁለታችን ስንጫወት መንገድ አገኘንለት። የሚያጣድፈውን ደረጃ እኔ ብቻዬን አልፋለሁ፤ ባሕሩ ጋ ስደርስ እሱ ይመጣል፤ ጆይስቲኩን ተቀብሎኝ የፈለገውን ያህል ይዋኛል። ከባሕሩ ወዲያ ያሉት ደረጃዎች ግን አስቀያሚ ነበሩ። ፋብሪካ የሚመስል ቦታ ውስጥ ብረት ይወርድብሃል፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። የደከማቸው ሰዎች ቶሎ ብለው የጨረሱት ይመስላል።

የጨረስኩት አንድ እሑድ ነው፤ አጎቴ ቦሩ ሜዳ ነበር። የመጨረሻውን ብረት ዘለልኩ። በር ይከፈታል፣ እሳት ይነዳል ብዬ ጠበቅኩ። ሁለቱ እንቁራሪቶች ባዶ አሸዋ ላይ ቆሙ፤ ጥቂት የማላውቃቸው ፊደላት ከላያቸው አለፉ፤ ሥዕሉ ጠቆረ፤ ከዚያ ያው የመጀመሪያው ሸለቆ ተመልሶ መጣ። ደግሜ ጨረስኩት፤ ያመለጠኝ ነገር ካለ ብዬ። ያው ነው። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና ባዶው መስታወት ላይ ራሴን አየሁ። ሰው የወደደውን ነገር የሠሩለት ሰዎች ለምን እንደወደደው ላያውቁ እንደሚችሉ የተረዳሁት ያን ቀን ይመስለኛል።

አጎቴ ወደ ማታ ሲመለስ ጫማው ጭቃ ነው፤ ክንዱ ሥር የባቄላ እሸት እቅፍ ይዟል። እማማ ለእኔ የላኩት ነው። ስለ መጨረሻው ነገርኩት።

"ቤት አልገቡም?"

"አልገቡም። አሸዋ ላይ ቆመው ቀሩ።"

እሸቱን ጠረጴዛው ላይ ከሬዲዮው ዕቃ መሀል ዘረገፈው። "በርቺ፣ ፈልፍዪ። ጨው ከሻይ ቤቷ አመጣለሁ" ብሎ ወጣ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ኮምቦልቻ ሥራ አገኘና ወረደ፤ ቆላው ለደረቱ ይስማማዋል ይል ነበር። ደጋን ከተማ ካለ ቤተሰብ ሚስት አገባ፤ አሁን የልጅ ልጅ አለው።