ሀ እና ለ የሚገናኙበት

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በቀን ከጥቂት መስመር በላይ መጻፍ አልችልም። ያችን እሑድ ግን ልጨርሳት።

የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ክፍል ውስጥ የሚሰቅለውን ሰፊ ወረቀት ቤት ያመጣና እሱ ነጥቦቹን ሲያስቀምጥ እኔ በማስመሪያ አገናኛቸው ነበር። በዚያ ሳምንት የሠራነው ግራፍ የሁለት እግረኞች ነው። ተማሪዎቹ በሚያውቁት መንገድ ይግባቸው ብሎ ሀን ከልደታ ማርያም፣ ለን ከሰንጋ ተራ በአንድ ሰዓት አስነሣቸው። በመካከላቸው ሺህ አንድ መቶ ሜትር። ሀ በደቂቃ ሰማንያ ሜትር ይሄዳል፣ ለ መቶ ሃያ። የሀ መስመር ይወጣል፣ የለ ይወርዳል። የሚቋረጡበትን በቀይ አደመቅኩት፤ እሱ ከጎኑ «የመገናኛ ነጥብ» ብሎ ጻፈበት።

ሁለት ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ማውራቱ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበር። ይህ ለምን እንዳልታየን አላውቅም።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ከያዘ ጥበቃ ጋር ለአሰሳ ገባ። ፍራሹን ገለበጡ፣ የጤፉን ጆንያ በዘንግ ወጉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አዩ።

«ሀ ማነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ማንም አይደለም ጓድ። ለሒሳቡ የተፈጠረ ሰው ነው» አለ ባለቤቴ።

«ለስ?»

«እሱም።»

«ስም የላቸውም፤ መነሻ ግን አላቸው፣ መገናኛም አላቸው።» ወደ ጥበቃው ዞረ። «የኛ ሰፈር ሒሳብ ምስጢረኛ ነው እባክህ!»

ጥበቃው ሳቀ። በቅርቡ ከጎረቤታችን ቤት በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰበብ የወሰዱት ልጅ ገና አልተመለሰም ነበር።

ባለቤቴን ወደ ግቢ አስወጡት። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅሎ ጠቀለለና ብብቱ ሥር ያዘው።

«ጓዲት፣ ሒሳብ ከሆነ ሀ እና ለ መቼና የት እንደሚገናኙ አንቺም ይህን ሳታዪ ትደርሺበታለሽ። ካልደረስሽበት ባልሽ ከእኛ ጋር ይሄዳል።»

ሠንጠረዥ አሰመርኩ። አንዱ ዓምድ ለደቂቃው፣ ሁለቱ ዓምዶች ሀ እና ለ ከልደታ ላላቸው ርቀት። በአምስተኛው ደቂቃ ሀ አራት መቶ ሜትር ላይ ነው፣ ለ አምስት መቶ ላይ። በስድስተኛው ሀ አራት መቶ ሰማንያ፣ ለ ሦስት መቶ ሰማንያ። እኩል የሚሆኑበት ረድፍ የለም።

«ታዲያስ!» አለ ከትከሻዬ በላይ እያየ። «ሥዕሉ ይገናኛሉ ይላል፣ ያንቺ ሠንጠረዥ አይገናኙም ይላል። አንዱ ይዋሻል።»

ለአፍታ እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ነጥቦቹን ያስቀመጠው ባለቤቴ ነው፤ እኔ ያሰመርኩት እሱ ባለው ላይ ነው። ከዚያ ረድፎቹን ደግሜ አየሁ። በአምስት ገና ፊት ለፊት እየመጡ ነው፣ በስድስት ተላልፈዋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔና እርስዎ በአንድ መንገድ ፊት ለፊት ብንመጣ፣ ሳንገናኝ እንተላለፋለን?»

«እኔ ከፀረ ሕዝብ ጋር አልገናኝም» አለና በራሱ ቀልድ ፈገግ አለ።

በሁለቱ ረድፎች መሐል አምስት ተኩል ብዬ ጨመርኩ። ሀ አራት መቶ አርባ። ለም አራት መቶ አርባ።

ወረቀቱን ዘረጋ። ጣቱን ከቀዩ ነጥብ ወደ ጎን ጎተተ፤ ከአራት መቶ ጥቂት አለፍ ብሎ አረፈ። ወደ ታች ሲጎትተው ከአምስትና ከስድስት መካከል ዋለ። ደጋግሞ ሞከረው።

«እሺ፣ ሒሳብ ነው» አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። «ከልደታ አራት መቶ አርባ ሜትር ላይ ምን አለ?»

«መንገድ ነው ያለው» አልኩ።

ወረቀቱን ይዞ ሄደ፤ ባለቤቴን ተወው።

ፍራሹን አብረን ስናነሣ፣ እልል ማለት ሲገባኝ የሰውየው ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

«እውነት እዚያ ጋ ምን አለ?»

የፍራሹን ጫፍ እንደያዘ አየኝ። «አንቺም?» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሰንጋ ተራ ስንሄድ በዚያ መንገድ አላለፈም፤ ዞሮ ነበር የሚወስደኝ። ቀበሌዎቹ እዚያ ሰው የሚያስጠብቁበት መስሎት ይሁን፣ ወይም እኔ እንዳላይ የፈለገው ነገር ኖሮ፣ እሱ በሕይወት እያለ አልጠየቅኩትም። አሁን ብቻዬን ስሄድም እዞራለሁ።