ሰሊጥ በቆርቆሮ ላይ

የምተዳደረው ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ የሱቅ ስምና የመኪና በር በመጻፍ ነው። ቀለምና ብሩሽ ያለውን ሰው ሁሉ ሠዓሊ ይሉታል፤ እኔም ተከራክሬ አላውቅም። አንድ ቀን የቴአትር ቡድን የሚመራ የአማርኛ መምህር መጣና ከመድረክ ጀርባ ያለውን ሥራ ሁሉ እንድይዝለት ጠየቀኝ። ከመድረክ ጀርባ ምን እንዳለ ጠየቅሁት። «እስካሁን ምንም የለም» አለኝ። ምንም የሌለበት ሥራ ሊበላሽ አይችልም ብዬ እሺ አልሁ።

ድርሰቱን የጻፈው ራሱ መምህሩ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሰሊጧን አጭዳ ሳትጨርስ ያለጊዜው ዝናብ ይመጣባታል። ጎረቤት ትጣራለች፤ ማንም አይመጣም። ሴትዮዋን ሆና የምትጫወተው በዚያው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ነበረች። አባቷ ከጎጃም ወርደው እዚህ ከሰፈሩ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ሰሊጥ ያመርታሉ። ልጅቱ ጎንደር ሄዳ ቴአትር መማር ትፈልጋለች። አባት ጉዳዩን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡም። «ሰው ፊት ቆሞ መዋሸት ትምህርት ከሆነ መጥቼ አያለሁ። ካየሁ በኋላ እናገራለሁ» አሉ። እኛ ቴአትር ልናሳይ ነው፤ እሷ ፍርድ ልትቀበል ነው።

ከመድረኩ በስተኋላ የሚሰቀል ሥዕል ያስፈልግ ነበር። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ጨርቅ በእኛ አገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰሊጥ የሚራገፍበት ሸራ። ልጅቱ የአባቷን ሸራ ይዛ መጣች። የእሳቸው ሰሊጥ ገና ሂላ ላይ ነበር፤ ሂላ የምንለው የታጨደውን ሰሊጥ በየእስሩ አስደግፈን እንደ ጎጆ አቁመን የምናደርቅበትን ነው። እስኪራገፍ ድረስ ሸራው ሥራ ፈት ነው።

«ቀለም እንደሚቀባ ነግረሻቸዋል?» አልኋት።

«ለአዳራሹ ይፈለጋል ብዬዋለሁ» አለች።

ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ ስህተት መሆኑን በዚያች ደቂቃም አውቀው ነበር።

የሚሳለው የድርሰቱ ሴትዮ ትታው የመጣችው የደጋ ተራራ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ ቀና ብዬ ያየሁት ትልቁ ነገር የውሃ ታንከር ነው። ስለዚህ ልጅቱ አባቷ ሲያወሩ የሰማችውን ነገረችኝ፤ ተራራው በስተግራ ጎባጣ ነው፣ ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጉም አይለየውም። ሸራውን የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ዘርግቼ፣ ብሩሼን መጥረጊያ እንጨት ላይ አስሬ፣ ጫማዬን አውልቄ ላዩ ላይ እየተራመድሁ ቀባሁት። ሲደርቅ ሰቅለን መምህሩ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ አየው።

«ተራራው የሚሸጥ ይመስላል» አለ።

በጣም ተናደድሁ። በኋላ ግን ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁና አየሁት። እጄ ስለለመደ ልክ የሱቅ ስም ስጽፍ ለፊደል እንደማደርገው ለተራራው በቀኝ በኩል ቀይ ጥላ ሠርቼለታለሁ። ሦስት ቀን ደግሜ ቀባሁት። ሩቅ ያለ ነገር ቀለሙ መፍዘዝ እንዳለበት፣ ከቅርብ ሲያዩት የሚያምር ነገር ከሩቅ ቆሻሻ እንደሚመስል ያን ጊዜ ተማርሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ተሰድቤ ነው የተማርሁት።

ሸራውንና መጋረጃውን የሰቀለው በሰሊጥ መኪና ላይ ጭነት የሚያስር አንድ የወሎ ሰው ነው። እስከ ጎንደር ድረስ ባለው ጠመዝማዛ አንድ ጆንያ ወድቆበት አያውቅም ይባላል። ገመዱን በአዳራሹ ጣሪያ ብረት ላይ አዙሮ ካሰረ በኋላ ሸራው በተሰፋበት ወራጅ እንጨት ላይ ራሱ ተንጠልጥሎ ተወዛወዘ። «እኔን ካልጣለ ሌላ ሰው ላይ አይወድቅም» አለ። ሥራውን ወደድሁለት። ቢሆንም በችኮላ መፍታት ቢያስፈልገን እንዴት እንደምናደርግ ጠየቅሁት።

«አብሽር» አለኝ። «የጭነት ገመድ የሚፈታው ጎንደር ሲደርስ ነው።»

የቀረው ዝናቡ ነበር። ቆርቆሮ አጋድሜ አሸዋ ባፈስስበት ገልባጭ መኪና ሲያራግፍ ይመስላል። ማሽላ ሞከርሁ፤ በረዶ ሆነ። በመጨረሻ ሰሊጥ በወንፊት ነፋሁበት። መምህሩ ከውጭ ሮጦ ገባና ጣሪያውን አየ። ነጎድጓዱን አንድ ሰፊ ላሜራ በማወዛወዝ ተወጣሁት። አዳራሹ እንዲጨልም መስኮቶቹን በጆንያ ከደንን። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ነገር ማቆም አልችልም፤ ዝናብ ያለ ሽታ ዝናብ አይደለም ብዬ ከእርሻ አንድ ሳፋ ደረቅ የመረሬ ጥቁር አፈር አምጥቼ ከቬንቲሌተር ፊት አስቀመጥሁ። ነጎድጓዱ ሲሰማ አፈሩ ላይ ውሃ እረጫለሁ፤ ቬንቲሌተሩ ሽታውን ወደ ሕዝቡ ይወስደዋል። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ በዚህ ነበር የኮራሁት።

ቴአትሩ የታየው አንድ የጥቅምት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እሑድ ሰሊጥ አይራገፍም፤ ገበሬው ሁሉ መጥቶ አዳራሹን ሞላው። የልጅቱ አባት ጋቢያቸውን በዚያ ሙቀት ደርበው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰኞ ማራገፍ ስለሚጀምሩ ሸራው ማታውን እንዲመለስላቸው አስቀድመው ልከውብን ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ ሸራቸው ላይ ተራራ በቅሎ አዩ። እኔ ከመድረኩ ጎን በቀዳዳ አያቸው ነበር፤ አልተነቃነቁም፣ ብቻ ከዘራቸውን ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እጅ አዛወሩት።

ልጅቱ ግሩም ነበረች። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ ችሎታዋን ለማየት ጊዜ አልነበረኝም፤ የራሴን ሥራ ነበር የማየው። የዝናቡ ትዕይንት ደረሰ። ላሜራውን አወዛወዝሁ፣ አፈሩ ላይ ውሃ ረጨሁ፣ ሰሊጡን መንፋት ጀመርሁ። ልጅቱ ቀና ብላ ጎረቤት ተጣራች።

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «ዘነበ» አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ጥቅምት ላይ፣ ፍሬው አፉን ከፍቶ ሂላ ላይ የቆመ ሰሊጥ እያለህ፣ የራሰ መረሬ ከሸተተህ ሌላ ማስረጃ አትጠብቅም። ሕዝቡ ተነሥቶ ወደ በሩ ነጎደ። ደጅ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ግን እሱ ማንንም አያጽናናም፤ በእኛ ቆላ ዝናብ ከመንገዱ ማዶ ዘንቦ ወዲህ ላይዘንብ ይችላል። የትራክተር ሞተር ሲነሣ ተሰማ። እኔ ከቆርቆሮው ኋላ ሆኜ የእግር ኮቴ ስሰማ ሕዝቡ ስሜቱ ተነክቶ መሬት የሚደበድብ መሰለኝና ሰሊጥ ጨመርሁ።

ብቅ ብዬ ሳይ ወንበሩ ባዶ ነው። የቀሩት ሰሊጥ የሌላቸው ጥቂት ሰዎችና ሰሊጣቸውን መጋዘን ያስገቡ ሁለት ሦስት ጀላቢያ የለበሱ ነጋዴዎች ናቸው። የልጅቱ አባት ግን አልወጡም። መድረኩ ላይ ወጥተው ከልጃቸው በስተኋላ የሸራውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ታች ይስባሉ።

«ሸራየን ፍቱልኝ፤ ሰሊጡን ላልብስበት» አሉ።

«አባቴ፣ ይኸ እንዲህ በቀላሉ አይፈታም» አለ የወሎው ሰው።

ወንፊቱን እንደያዝሁ ቀረሁ። የዚያች ልጅ ነገር በእኔ እጅ አለቀ ብዬ አሰብሁ፤ አፈርሁም፣ አዘንሁም። በአንድ ሳፋ አፈር ጎንደርን ቀበርሁባት። ልጅቱ ግን አላቋረጠችም። ከደጁ ጫጫታ የተነሣ አባቷ ከኋላዋ ሲናገሩ አልሰማችም፤ አላየቻቸውምም። ባዶውን ወንበር ከዳር እስከ ዳር አየችና፣ በልምምድ ጊዜ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ቃሏን ተናገረች።

«ጠራሁ። ማንም አልመጣም።»

አባት መሳባቸውን አቆሙ።

«አለሁ» አሉ። «አለሁ እንጅ። በዚያ በኩል ያዥው።»

ልጅቱ ዞር አለች። ድርሰቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ትንሽ አመነታችና ሄዳ የሸራውን ሌላ ጠርዝ ያዘች። መምህሩ መጋረጃው እንዲዘጋ እጁን አወዛወዘ፤ መጋረጃውም በዚያው በጭነት ቋጠሮ የታሰረ ስለነበር አልዘጋ አለ። አባትና ልጅ ተራራውን በሁለት ወገን ይዘው ቆሙ። ከነጋዴዎቹ አንዱ አጨበጨበ።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ። «ዝናቡ የኛ ነው። ውሸት ነው።»

አባት ሸራውን ለቀው ወደ እኔ መጡ። ቆርቆሮውን አዩ፤ ቬንቲሌተሩን አዩ፤ ከሳፋው ጭብጥ አፈር አንሥተው አሸተቱ።

«ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ?»

«አዎ አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ተራራውንስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ። የአገርዎ ተራራ ነው፤ ልጅዎ እንደነገረችኝ ነው የሳልሁት።»

ከመድረኩ ወርደው እስከ መካከለኛው ረድፍ ሄዱና ቆመው አዩት። እንደኔ ሦስት ቀን አልፈጀባቸውም፤ ከየት ሆኖ እንደሚታይ ወዲያው ገባቸው።

«እንዲህ አይደለም» አሉ። ቢሆንም ወዲያው ዓይናቸውን ከሥዕሉ ላይ አላነሡም።

ልጅቱ ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች ከመድረኩ ጫፍ ቆማ ትጠብቃለች። አባቷ ስለ ጎንደር አላነሡም፤ እሷም መጠየቅ ፈራች። የወጣው ሰው ደረቅ ሰማይ አይቶ እየሳቀም እየተሳደበም መመለስ ጀምሮ ነበር፤ ስድቡ የኔ ድርሻ ነው።

«ማንም አልመጣም አልሽ» አሏት።

«ቃሉ እንዲያ ነው አባባ። የተጻፈው እንዲያ ነው።»

«እኔ ከኋላሽ ቁሜ ነበር።»

«አላየሁህም።»

አባት ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ሄዱ። በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

«ጎንደር ስትሄጅ» አሉ፣ «ያንን ቃል ይለውጡልሽ።»