ፈሂማ የምታውቃቸው ወንበሮች

መሥሪያ ቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በቢዝነስ ክላስ ወደ ቶሮንቶ ሊልከኝ ነው፤ ከሁለት አየር መንገዶች አንዱን ምረጥ አሉኝ። ሦስት ቀን ኢንተርኔት ላይ አፈጠጥኩ። ሁሉም «ወደር የለሽ ምቾት» ይላል። ተናደድኩና ሰሚት ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊቴ የምትኖረውን የፈሂማን በር አንኳኳሁ። ፈሂማ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የቆሙ አውሮፕላኖችን ውስጣቸውን ስታጸዳ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ገብቼ የሁለቱን አየር መንገዶች ስም ነገርኳት። «የመጀመሪያው አየር መንገድ ወንበር እንደ አልጋ ይዘረጋል» አለችኝ ሳታስብ። «ፍርፋሪ ለመጥረግ ሁሉንም እዘረጋቸዋለሁ። ግን እግር ማስገቢያው ጠባብ ነው፤ አንተ ደግሞ ረጅም ነህ፣ ኢዩኤል። የሁለተኛው ሰፊ ነው።»

«ምግቡስ?»

«የሁለተኛው ዓሣ ሳይነካ ቆሻሻ ከረጢቴ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው በግ ግን አጥንቱ ብቻ ነው የሚደርሰኝ።»

«አንድ ቀን እንኳ ጋደም ብለሽበት አታውቂም?»

«ክልክል ነው። ልስላሴውን በእጄ ነው የማውቀው፤ እንዲህ።» የራሷን ሶፋ ተጫነችና እጇን እዚያው ረሳችው።

የሆነ ነገር ልበል ብዬ፣ «ከመስኮቱስ? ከየትኛው የተሻለ ይታያል?» አልኳት።

እጇን ከሶፋው አነሳች።

«ሁሉንም መስኮት ወልውያለሁ» አለችኝ። «ከሁሉም የሚታየው ያው ቦሌ ነው።»