ያረጀ ያፈጀ

ልጅ ሳለሁ፣ በጠላት ጊዜ፣ ቀራንዮ ከመድኃኔ ዓለም ዝቅ ብሎ አያቴ፣ አባባ የምንላቸው፣ በእጃቸው በሠሩት የሣር ቤት ነበር የምንኖረው። ያኔ ከመሸ ውጭ መታየት ስለሚያስፈራ በር በጊዜ ይዘጋና፣ እሳቱ ፍም ብቻ ሲቀረው፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ አባባ ምሰሶውን ተደግፈው ተረት ያወሩልን ነበር።

አባባ በቃል ላይ ቀልድ አያውቁም። አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ወጥተው ክዳን ሲጠግኑ እናቴ አይታቸው፣ «ኧረ አባባ፣ አርጅተዋል እኮ፣ ይውረዱ!» ብትላቸው፣ «አርጅቻለሁ፤ አላፈጀሁም» አሏት። ማታ ለእኛም አስረዱን። ማርጀት የዕድሜ ነው፣ ለማንም አይቀርም፤ ያፈጀ የሚባለው ግን ቢጠግኑትም የማይበጅ ነው። «ሰው የሚኖርበትን ቤት ያፈጀ አይሉትም» አሉን።

አብልጠን የምንወደው የእመት ጦጢትን ተረት ነበር። አያ ጅቦ ጎጆዋን ሊቀማት ሲመጣ፣ «ያረጀ ያፈጀ ነው፤ ቢናድብህ ማን ያወጣሃል?» ትለዋለች፤ እሱም ደንግጦ ይፈረጥጣል። እኛ በሳቅ እንሞታለን። ጅብ ሞኝ ነዋ!

አንድ ጠዋት የጣሊያን ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ለወታደሮቹ ማደሪያ ቤት እየመረጠ እኛ ደጅ ደረሰ። ቤታችንን ዞር ዞር ብሎ አየና ፈገግ አለ፤ ወዶታል። እናቴ እጅ ነስታ፣ «ጌታዬ፣ ይሄም ቤት ሆኖ ነው? ያረጀ ያፈጀ ጎጆ ነው፤ ዛሬ ነገ ይወድቃል» አለችው። አባባ የሚቆጡ መስሎኝ ፈራሁ። እሳቸው ግን ብልሃቷ ገብቷቸው ኖሮ አቀረቀሩ።

አስተርጓሚው አንድም ሳያጓድል ነገረው። ሹሙም መለሰ።

«ሊወድቅ ከሆነማ ይፍረስ፤ እንጨቱ ለወታደሩ ማገዶ ይሆናል ብሏል» አለን አስተርጓሚው።

ጎረቤቶቻችንን በግድ ሰብስበው ገመድ አስያዟቸው። ጣሪያው ወረደ፣ ግድግዳው ተናደ፤ የጥዱ ምሰሶ ግን ቢጎትቱት ቢጎትቱት አልነቃነቅ አለ። አባባ ያኔ ነው ቀና ያሉት።

«ጎትቱ እንጂ! ያረጀ ያፈጀ ነው አልተባለም?» ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው ግን መሐል ላይ ተሰበረ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በመጨረሻ ምሰሶውን በመጥረቢያ ቆርጠው ጣሉት።

ዘመድ ቤት ተጠግተን ከረምን። አባባ ተረት ማውራት ተዉ፤ ጣሊያን ከወጣም በኋላ ሌላ ቤት ሳይሠሩ ሞቱ። አሁን ሳስበው የጦጢት ብልሃት ለጅብ እንጂ ለዚያ ሰውዬ የሚሆን አልነበረም። ጅቡ ቤቱን ፈልጎት ነበር። ሰውዬው ግን ቤቱ ከእኛ እጅ ይውጣ እንጂ ቢያድርበትም ቢያነደውም ለእሱ ያው ነው።

እናቴን ማንም አልወቀሳትም፤ ራሷን ግን ይቅር አላለችም። እስክትሞት ድረስ፣ ተጥፎ ተጥፎ ያለቀ ቀሚሷን እንኳ «አሁንስ አርጅቷል፣ ይጣል» ስንላት፣ ደንግጣ አፋችንን በእጇ ትይዝ ነበር።