የእሁድ ምንዛሬ

አባቴን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ያኔ ስንት» ነው የሚሉት። በስሙ የሚጠራው የደመወዝ ክፍል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ባንኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ የጎረቤት አገር ገንዘብ ድሮ በእኛ ስንት ይመነዘር እንደነበር ለጠየቀው ሁሉ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይጽፋል። የሚካሰሱ ነጋዴዎች ይመጣሉ፤ ውርስ የማይስማሙ ወንድማማቾች ይመጣሉ፤ አንዴማ የተፋቱ ባልና ሚስት በየተራ መጥተው ስለ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ አስጽፈውታል። የዛሬ ዋጋ ግን ደንታም አይሰጠው። ገበያ ብትልከው የሽንኩርት ዋጋ ሰምቶ ይደነግጣል።

ቤታችን ውስጥ ዘመን የሚቆጠረው በምንዛሬ ነው። እኔ የተወለድኩት የጎረቤቱ ገንዘብ አሥራ ሁለት የገባ ሰሞን ነው። እናቴን ያገባት ደግሞ ዘጠኝ ከሰባ እያለ ነው። «ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ርካሽ ነበር፤ ባልም ጭምር» ትለዋለች እናቴ።

የአባቴ ታላቅ እህት ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ በጎረቤት አገር የባቡር ድርጅት ሲሠራ ኖሮ፣ ጡረታ ወጥቶ አገሩ በገባ ብዙም ሳይቆይ ሞተባት። ድርጅቱ ለሚስትየው በአንድ ጊዜ የሚከፍለው ገንዘብ አለ። አክስቴ ያን ገንዘብ የምትጠብቀው ለዓይኗ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል፤ ሐኪሙም ከዚህ በላይ እንዳትቆይ አስጠንቅቋታል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ያሏትን መርፌዎች በሙሉ ክር አስገብቼ ትራሷ ላይ ሰክቼላት እወጣለሁ። ክር የገባባቸው ሲያልቁ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች።

የድርጅቱ ደንብ ክፍያው የሚመነዘረው ሰውየው በሞተበት ቀን በነበረው ዋጋ ነው ይላል፤ ለዚህም የባንክ ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤውን የሚጽፈው አባቴ ስለሆነ እኛ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። የአክስቴ ባል ግን የሞተው እሁድ ነው። እሁድ ደግሞ ባንክ ዝግ ነው።

አባቴ «በተጠቀሰው ቀን ምንዛሬ አልወጣም፤ የቅዳሜው ዋጋ አሥራ ስምንት ከአርባ ነበር» ብሎ ጻፈ። ድርጅቱ የጠየቅነው ስለ ቅዳሜ አይደለም ብሎ መለሰው። ያንኑ ደግሞ ጻፈ፤ ያንኑ መልሰው ላኩለት።

«አባዬ፣ እሁድ ብለህ የቅዳሜውን ቁጥር ጻፈውና እንገላገል! ያው አይደል እንዴ?»

«ያው አይደለም። እሁድ ዋጋ የለም።»

«ማን ያውቅብሃል?»

«እኔ።»

ጨጓራዬን ላጠው። እናቴ ለመነችው፣ የክፍሉ ባልደረቦች ለመኑት፤ ወይ ፍንክች! በዚህ መሃል የአክስቴ ደንበኞች አንድ ባንድ ሌላ ሰፊ ፍለጋ መሄድ ጀመሩ። እጅጌ አጣማ የሰፋችበት ሰውዬ ጨርቁን ሳይከፍል ነጥቋት ሄደ።

የሞት ምዝገባ ቢሮ ያለው ጸሐፊ ሲቸግረን አይቶ መላ አመጣ። ሚስትየዋ ቀርበው «ቀኑ በስሕተት ነው የተጻፈው፤ የሞተው ሰኞ ነው» ብለው ቃላቸውን ከሰጡ፣ ይስተካከላል አለ። አባቴ አሰብ አደረገና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ሰኞ እንኳ ወጥቷል። አሥራ ስምንት ከአርባ አምስት።»

«አንተ ሰውዬ!» አልኩት፤ አባቴ መሆኑንም ረስቼ። «ሬሳ ከቀን ቀን ታዛውራለህ፣ አንዲት ቁጥር ግን አትነካም?»

«የሞቱ መዝገብ የእነሱ ሥራ ነው። የእኔ ምንዛሬው ነው።»

በማግስቱ ሦስታችን ሄድን። አክስቴን መንገድ ለመንገድ አስጠናኋት፤ «ሰኞ» ከማለት ሌላ ምንም አይጠበቅባትም። እሺም እንቢም አላለችኝም። ቢሮው በረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ በተደረደሩ ሰዎች ተጨናንቋል። ተራችን ሲደርስ ጸሐፊው ፈገግ አለላት።

«እማማ፣ ባለቤትዎ ያረፉት በየትኛው ቀን ነው?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሁድ» አለች።

«ሰኞ ማለትዎ ነው፣ እማማ?»

«እሁድ ነው፣ ልጄ። ከሰዓት በኋላ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር፤ ሲቀዘቅዝም ያወቅኩት እኔ ነኝ። ሰኞማ ብቻዬን ነው የነቃሁት። ሰኞን ማን ሰጠኝና?»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። እኔን ማልቀስም መጮህም አማረኝ። አንዱ ለቁጥር፣ አንዷ ለቀን ብለው ይግደረደራሉ፤ ዓይን ግን እስኪስማሙ አይጠብቅም። እንዲህ ያሉ ግትሮች ከአንድ ቤት መውጣታቸው ያናድዳል፤ እኔም ከዚያው ቤት መውጣቴ ይብስ ያናድዳል።

ስንወጣ አክስቴ የመጨረሻውን ደረጃ ሳታየው ወደ ፊት ተደፋች። አባቴ በክንዷ ያዛት።

«ያለቀ መስሎኝ እኮ ነው» አለች። «አይዞህ፣ አልተቀየምኩህም። አንተም አትዋሽ፣ እኔም አልዋሽ። ክሩን እንደሆነ ይቺ ልጅ ታስገባልኛለች።»

አባቴ ክንዷን አልለቀቀም። «እትዬ፣ እኔ እታይሻለሁ?»

«ቁመትህ ይታየኛል» አለችው። «ፊትህን ካየሁ ግን ቆየሁ።»

አክስቴን ቤቷ እንዳደረስናት አባቴ በቀጥታ ባንክ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ተቀመጠ፣ ባዶ ወረቀት ወሰደ፣ የእሁዱን ቀን ጻፈ፣ ከጎኑ አሥራ ስምንት ከአርባ ብሎ ጨመረ። ማኅተሙንም አሳረፈበት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይባስ ተናደድኩ፤ ለዚህች ለአንዲት መስመር ነው ያን ሁሉ ወር የተሰቃየነው!

ገንዘቡ መጣ። የአክስቴ አንድ ዓይን ተሠራ፤ ሁለተኛው ተራ እየጠበቀ ነው። አባቴን መጀመሪያ ያየችው ቀን «እንዴት አርጅተሃል!» ብላ ሳቀችበት።

ከዚያ ተቆጣጣሪዎች መጡና የደብዳቤውን ቅጂ አገኙት። አሁን አባቴ ምድር ቤት ወርዶ ፖስታ ያሽጋል፤ ያቺን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጥተዋታል። ተቆጣጣሪዎቹ በጠየቁት ቀን የተባባሉትን የነገረኝ ባልደረባው ነው።

«እሁድ ባንክ ዝግ ነው። ይህን ዋጋ ከየት አመጣኸው?»

«ከእህቴ» አላቸው። ሌላ ማብራሪያ እንዲጽፍ ቢለምኑትም አልጽፍም አለ።